የአፈር ጤንነት በኦርጋኒክ እርሻ፦ ፍግ፣ ኮምፖስት፣ አረንጓዴ ማዳበሪያ፣ ጉዝጓዝ ወይስ ማረስን መቀነስ?

ኦርጋኒክ እርሻ አፈርን ያሻሽላል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «የትኛው ኦርጋኒክ እርሻ?» የሚለው ነው። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ኬሚካል የማይነኩ ሁለት ገበሬዎች ከሃያ ዓመት በኋላ ጭራሽ የማይገናኝ አፈር ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። አንዱ ኮምፖስት ያስገባል፣ ሰብል ያፈራርቃል፣ ማሳውን ራቁቱን አያሳድርም። ሌላው ኬሚካሉን ከማቆሙ በቀር የጨመረው ነገር የለም፤ ምርቱን ያነሳል፣ ገለባውን ያወጣል፣ አረሙን በማረሻ ያሳድዳል። የሁለተኛውም እህል ኦርጋኒክ ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። አፈሩ ግን በየዓመቱ እየከሳ ነው።

ስለዚህ እዚህ «ኦርጋኒክ» እና «መደበኛ» የሚባሉትን ሁለት ስሞች ፊት ለፊት አቁሞ ማፋለም ብዙም አይጠቅምም። ለገበሬው የሚጠቅመው በኦርጋኒክ እርሻ ውስጥ ያሉትን ዘዴዎች እርስ በርስ ማነጻጸር ነው፦ የትኛው ለየትኛው አፈር ይሆናል፣ ምን ያህል ዓመት ይፈልጋል፣ ምንስ ያስከፍላል።

መጀመሪያ ስሌቱ

የአፈር ጤንነት ሲባል ብዙ ነገር አብሮ ይነሳል፦ ውሃ የመያዝ አቅም፣ የጓሉ ልምነት፣ የምድር ትል ብዛት፣ የንጥረ ነገር ክምችት፣ የአሲድነት መጠን። የአብዛኞቹ ማሰሪያ ኦርጋኒክ ቁስ ነው፤ ማለትም የበሰበሰና በመበስበስ ላይ ያለ የእፅዋት፣ የእንስሳትና የረቂቅ ተሕዋስያን ቅሪት።

ይህ ቁስ ከታች ቀዳዳ ባለው እንስራ ውስጥ እንዳለ ውሃ ነው፤ ከፍታው የሚወሰነው ከላይ በሚገባውና ከታች በሚንጠባጠበው ልዩነት ነው። ረቂቅ ተሕዋስያኑ ሌት ተቀን ይበሉታል፣ ካርቦኑንም ወደ አየር ይመልሱታል። ሙቀት ሲጨምር የሚበሉበት ፍጥነትም ይጨምራል፤ እርጥበት እስካለ ድረስ በግምት በየ10 ዲግሪ ሴልሺየሱ እጥፍ ይሆናል። ሸክላማ አፈር ውስጥ ደቃቆቹ ቅንጣቶች ቁሱን አቅፈው ይከልሉታል፤ አሸዋማ አፈር ይህን ያህል መከለያ የለውም። ስለዚህ በቀዝቃዛ አየር ንብረት፣ በሸክላማ ማሳ ላይ የተገኘ ውጤት ለሞቃትና ለአሸዋማ ማሳ ዋስትና አይሆንም።

አንድ ሄክታር መሬት እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ 2,000 ሜትር ኩብ አፈር አለው። አንዱ ሜትር ኩብ 1.25 ቶን ቢመዝን በድምሩ 2,500 ቶን ይሆናል፤ የዚህ 1 በመቶ 25 ቶን ነው። እንግዲህ ኦርጋኒክ ቁሱን ከ2 በመቶ ወደ 3 በመቶ ማድረስ የሚፈልግ ሰው 25 ቶን ደረቅ ቁስ አፈሩ ውስጥ ማስቀረት አለበት። በዓመት 10 ቶን ኮምፖስት ቢጨምር፣ ግማሹ ውሃ፣ ከተረፈው ደግሞ ግማሽ ያህሉ አፈርና አመድ ቢሆን፣ የሚገባው ኦርጋኒክ ቁስ 2.5 ቶን ብቻ ነው። ምንም ባይበሰብስ እንኳ 10 ዓመት ይፈጃል፤ መበስበሱ ደግሞ አይቀርም። «አፈርዎን በሁለት ዓመት እንለውጣለን» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥም ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ መሥራት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የረጅም ዘመን ሙከራዎች ምን አሳዩ?

እንግሊዝ አገር ሮዛምስቴድ በሚገኘው የብሮድባልክ ማሳ ላይ የስንዴ ሙከራ የተጀመረው በ1843 ነው፤ ዛሬም አልተቋረጠም። በየዓመቱ በሄክታር 35 ቶን ያህል ፍግ የሚገባበት መደብ ምንም ከማይገባበት ጋር ሲወዳደር የኦርጋኒክ ቁሱ ዋና ክፍል የሆነው የኦርጋኒክ ካርቦኑ መጠን ከእጥፍ በላይ ነው። ጭማሪው በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ፈጠን ብሎ ኋላ እየዘገየ ሄዷል። 35 ቶን ግን ቀላል መጠን አይደለም፤ አብዛኛው ገበሬ ይህን ያህል ፍግ ለአንድ ሄክታር በየዓመቱ ከየትም አያመጣም።

እዚያው ማሳ ላይ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ብቻ ሲያገኙ የኖሩ መደቦችም አሉ። ዛሬም ጥሩ ስንዴ ይሰጣሉ፤ ካርቦናቸውም ምንም ካላገኘው መደብ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሰብሉ በደንብ ሲያድግ ሥሩና ከታጨደ በኋላ የሚተርፈው አገዳ አፈር ውስጥ ይቀራል። «ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ አፈርን ይገድላል» የሚለውን አባባል ይህ ውጤት አይደግፈውም። በሌላ በኩል እዚያው ሮዛምስቴድ፣ ፓርክ ግራስ በሚባለው በ1856 በተጀመረ የሣር ሙከራ፣ አሞኒየም ሰልፌት የሚባል ማዳበሪያ ሲገባባቸው ኖረው ኖራ ያልተደረገላቸው መደቦች ፒኤቻቸው (ሲወርድ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳየው መለኪያ) ከ4 በታች ወርዷል። አሞኒየሙ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይለቃል፤ ብሮድባልክ ግን ቀድሞ ብዙ የኖራ ድንጋይ የተጨመረበት መሬት ስለነበረ ይህን ችሎታል። ስለዚህ ጉዳቱን የሚወስነው ማዳበሪያው ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ራሱ ቀድሞ የያዘው ነገርም ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚገርመኝ ሆስፊልድ በሚባለው የገብስ ማሳ ላይ ያለው ነው። አንድ መደብ ከ1852 እስከ 1871 ፍግ ሲያገኝ ቆይቶ እንዲቆም ተደረገ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም በዚያ መደብና ፈጽሞ ፍግ ባላገኘው መካከል ያለው የኦርጋኒክ ቁስ ልዩነት ይለካ ነበር። መገንባቱ አዝጋሚ ነው፤ የተገነባው ግን ቶሎ ተሟጦ አያልቅም።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ቴርዊል ላይ በ1978 የተጀመረው ዶክ የሚባል ሙከራ ደግሞ ባዮዳይናሚክ (ልዩ ዝግጅቶችን የሚጨምር የኦርጋኒክ እርሻ ዓይነት)፣ ኦርጋኒክና መደበኛ አሠራሮችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። የ21 ዓመት ውጤቱ በ2002 ሲወጣ በኦርጋኒክ መደቦቹ ላይ ምርት በ20 በመቶ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የሚገባው የማዳበሪያ ንጥረ ነገር ግን ከ34 እስከ 53 በመቶ ያነሰ ነው። የምድር ትል ክብደት ከ1.3 እስከ 3.2 እጥፍ፣ ማይኮራይዛ የተባለው የሥር ፈንገስ የያዘው የሥር ርዝመት 40 በመቶ ብልጫ ታይቶበታል። በካርቦን መጠን በኩል ግን ልዩነቱ ይህን ያህል አልሰፋም፤ ሻል ያለው ፍጉ ወደ ኮምፖስት ተለውጦ የሚገባበት የባዮዳይናሚክ መደብ ነው። እዚህ ላይ መርሳት የሌለብን ዋናው የመደበኛ መደብም ተመሳሳይ የሰብል ፈረቃ እንዳለውና ፍግም እንደሚያገኝ ነው። ፈረቃውና ፍጉ እኩል ሲሆኑ «ኦርጋኒክ» የሚለው ስም ለብቻው የሚጨምረው ካርቦን ብዙ አይደለም።

በዚሁ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ኦርጋኒክ ማሳዎች ብዙ ካርቦን ያዙ የሚል ዜና ሲሰማ ፍጉ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከሌላ ሰው መሬት በበቀለ መኖ የተገኘ ፍግ የእኔን ማሳ ቢያለማ፣ የዚያን ሰው ማሳ አራቁቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ማሳ ደረጃ ትርፍ ነው፤ በአካባቢ ደረጃ ሲታይ ማዘዋወር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ፍግ ወይስ ኮምፖስት?

አብዛኛው ሰው የሚያመነታው እዚህ ላይ ነው፤ ምርጫውም ከሚመስለው በላይ ብዙ ነገር ይነካል።

ትኩስ ፍግ ናይትሮጅኑ ገና አልባከነም፣ ሰብሉን ቶሎ ያነሳዋል። ግን መሬት ላይ ተበትኖ በፀሐይ ከዋለ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይተናል፤ ስለዚህ በተበተነበት ዕለት አፈር ውስጥ መግባት አለበት። የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። የሰው በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም አይጠፉበትም፤ የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ ትኩስ ፍግ ከምርት ስብሰባ 120 ቀን ቀደም ብሎ፣ የማይነካ ከሆነ ደግሞ 90 ቀን ቀደም ብሎ እንዲገባ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሰላጣና ካሮት የሚያመርት ሰው ይህን ሕግ ባይገደድበት እንኳ ቢከተለው ይሻለዋል።

ኮምፖስት ቁልሉ ውስጥ ከ55 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ ተገላብጦ፣ እንደገና ሞቆ የተዘጋጀ ከሆነ አብዛኛውን የአረም ዘርና ጀርም ይገድላል። «ከሆነ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ኮምፖስት ተብሎ የሚቀርበው ማዕዘን ላይ ተከምሮ ዝናብ ሲመታው የከረመ ፍግ ነው፤ መሐሉ ሞቆ ዳሩ ቀዝቅዞ የቀረ፣ ሲታፈስ የሚሸት፣ ውስጡ ገለባው ገና የሚለይ። የበሰለ ኮምፖስት ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ ሽታው ዝናብ የነካው አፈር የሚሸተውን ዓይነት ነው፤ እፍኝ ይዘው ሲጨብጡት ቅርጽ ይይዛል እንጂ ውሃ አይንጠባጠብበትም፤ ተገላብጦ እንደገና ቢከመርም አይሞቅም።

ኮምፖስት ሲሠራ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካርቦን ቁልሉ ላይ እያለ ወደ አየር ይሄዳል። ይህን የሚሰሙ ሰዎች «ታዲያ ፍጉን በቀጥታ ብጨምረው ካርቦኑ አይተርፍልኝም ወይ?» ይላሉ። ብዙም አይተርፍም። ቁልል ላይ ያልበሰበሰው አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ በመጨረሻ የሚቀረው መጠን ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ትኩሱ ፍግ አፈር ውስጥ ሲበሰብስ እዚያ ያሉትን ተሕዋስያን መመገቡ ነው፤ ኮምፖስት ደግሞ ድካሙ ውጭ ያለቀ፣ የረጋ ቁስ ነው። ለአፈር ሕይወት ትኩሱ ይበልጣል፣ ለንጽሕናና ለመጓጓዣ ኮምፖስቱ።

የዶሮ ኩስ ለብቻው መታየት አለበት። ናይትሮጅኑም ፎስፈረሱም ከከብት ፍግ በጣም የበዛ ስለሆነ እንደ ማዳበሪያ እንጂ እንደ አፈር መገንቢያ መቆጠር የለበትም።

ፎስፈረስ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም ኦርጋኒክ አትክልት አምራቾች በብዛት የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ሰብል በግምት 7 እጅ ናይትሮጅን ለ1 እጅ ፎስፈረስ ይወስዳል። ፍግና ኮምፖስት ውስጥ ግን ናይትሮጅኑ የፎስፈረሱ 3 ወይም 4 እጥፍ ብቻ ነው፤ ከናይትሮጅኑም በመጀመሪያው ዓመት ለሰብል የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። የሰብሉን የናይትሮጅን ፍላጎት በኮምፖስት ብቻ ለማሟላት የሚሞክር ሰው በየዓመቱ ሰብሉ ከሚወስደው በላይ ፎስፈረስ ያጠራቅማል። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ቆይቶ ግን የተጠራቀመው ከጎርፍ ጋር ወደ ወንዝና ሐይቅ ይወርዳል፣ ውሃውን በአልጌ ይሞላዋል፤ አፈር ውስጥም ማይኮራይዛን ያዳክማል፣ የዚንክንና የብረትን አወሳሰድ ያውካል። በደረቅ አካባቢ በዚህ ላይ ጨው ይጨመራል። መፍትሔው ኮምፖስቱን በፎስፈረስ ልክ መስጠትና የጎደለውን ናይትሮጅን ከጥራጥሬ ተክሎች ማግኘት ነው።

አንድ ሌላ አደጋም አለ። አሚኖፒራሊድ እና ክሎፒራሊድ የሚባሉ ፀረ-አረሞች የተረጨበትን ሣር የበላ ከብት ፍግ፣ አልፎ አልፎም ኮምፖስቱ፣ ቲማቲምና ባቄላን ያጣምማል። ኬሚካሉ በከብቱ ሆድ ውስጥ አልፎ ይወጣል፣ ቁልል ውስጥም ቶሎ አይጠፋም። ከውጭ ፍግ ወይም ድርቆሽ የሚገዛ ሰው ማሳው ላይ ከመበተኑ በፊት ጥቂት ማሰሮ ላይ ፍጉን ከንጹሕ አፈር ጋር ደባልቆ፣ ሌሎች ጥቂቶች ላይ አፈር ብቻ አድርጎ ባቄላ ይዝራ። ሦስት ሳምንት ገደማ ይጠብቅ። ፍጉ ያለበት ባቄላ አዲስ ቅጠሉ እንደ ማንኪያ ከተጨማደደና ጫፉ ከተጠመዘዘ ያን ጭነት አይቀበል።

አረንጓዴ ማዳበሪያና የሽፋን ሰብል

ከብት ለሌለው ገበሬ ዋናው መንገድ አፈር ውስጥ ለመገልበጥ ወይም መሬቱን ለመሸፈን ብሎ ሰብል መዝራት ነው። ጥራጥሬ ተክሎች ሥራቸው ላይ ካለው ራይዞቢየም ከሚባል ባክቴሪያ ጋር ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር ይይዛሉ፤ ጥሩ ያደገ የክሎቨር ወይም የቬች ማሳ በሄክታር ከ50 እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊሰጥ ይችላል። ጥቅሙ ግን በዚህ አያበቃም። ሥር የሚተወው ካርቦን ከቅጠል ካርቦን ይልቅ አፈር ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ነው የሚያድገውና።

ምርጫው ያለው በምን ዕድሜ ይገልበጥ በሚለው ላይ ነው። ለጋ ሳለ ከተገለበጠ ቶሎ ይበሰብስና ለሚቀጥለው ሰብል ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀር ኦርጋኒክ ቁስ ግን ብዙ አይተውም። እስኪጠነክር ከተጠበቀ ቁሱ ይበዛል፣ ናይትሮጅኑ ግን ይዘገያል። መካከለኛው ነጥብ ማበብ ሲጀምር ነው። ጥራጥሬውን ከሣር ዘር ጋር፣ ለምሳሌ ቬችን ከአጃ ጋር፣ ቀላቅሎ መዝራት ሁለቱንም ያስታርቃል፦ አጃው ሥሩን ያበዛል፣ ቬቹ ናይትሮጅኑን ያመጣል፣ አንዱም ለሌላው መደገፊያ ይሆናል።

አረንጓዴ ማዳበሪያ ሁለት ነገር አያደርግም። ፎስፈረስና ፖታሲየም ከየትም አይፈጥርም፤ ያለውን ከጥልቅ ቦታ ወደ ላይ ያወጣል እንጂ። ደግሞም ውሃ ይጠጣል። ዝናብ አጭር በሆነበት ስፍራ የሽፋን ሰብሉ የጠጣው ውሃ ለዋናው ሰብል የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ባለ ቦታ ቀድሞ መግደል ወይም ጨርሶ ጉዝጓዝን መምረጥ ይሻላል።

ጉዝጓዝ

ባዶ መሬት ላይ የሚወርድ የዝናብ ጠብታ አፈሩን ይመታል፣ ጓሉን ይፈታል፣ የተፈታው ደቃቅ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ውሃው ላይ ላዩን ይሮጣል። ገለባ ወይም ደረቅ ሣር የተጎዘጎዘበት መሬት ይህን ጥቃት አያይም። ተዳፋት ላይ የሚያርስ ሰው ስለ ኮምፖስት ጥራት ከመጨነቁ በፊት መሬቱን ይሸፍን፤ ሊጨምር የሚያስበውን ቁስ ሁሉ አንድ ጎርፍ ጠርጎት ሊሄድ ይችላል።

ስህተቱ የሚፈጸመው ገለባውን ወይም የእንጨት ፍቅፋቂውን አፈር ውስጥ መቅበር ላይ ነው። የስንዴ ገለባ 80 እጅ ገደማ ካርቦን ለ1 እጅ ናይትሮጅን አለው፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ደግሞ ብዙ መቶ ለ1። ድርሻው ከ25 ወይም ከ30 ለ1 በላይ ሲሆን ተሕዋስያኑ ለመብላት የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይቀራመታሉ፤ ሰብሉም ቢጫ ይሆናል። ላይ ላዩን ከተጎዘጎዘ ግን ይህ ሽሚያ በጣም ትንሽ ነው። በእርጥብ ቦታ ቀንድ አውጣ፣ በሞቃት ቦታ ምስጥ ማምጣቱ አይቀርም፤ ጉዝጓዙን ከግንዱ ጥቂት ራቅ ማድረግ ይረዳል። በሰፊ ማሳ ደግሞ ዋናው ጥያቄ መኖውና ጉዝጓዙ በአንድ ገለባ ላይ መሻማታቸው ነው።

ማረስ፦ ኦርጋኒክ እርሻ ያለበት ትልቅ እዳ

ስለ ኦርጋኒክ እርሻ የሚጻፉ ጽሑፎች ይህን ጉዳይ ሸሸት ይላሉ። ፀረ-አረም የማይረጭ ገበሬ አረሙን በምን ያጠፋል? በአብዛኛው በማረሻና በመኮትኮቻ። ማረስ ደግሞ ጓሉን ይሰብራል፣ ጓሉ ውስጥ ተከልሎ የኖረውን ቁስ ለተሕዋስያን ይከፍታል፣ የፈንገስ ክሮችን ይበጣጥሳል፣ ወደ ታች የሚቆፍሩትን ትላልቅ የምድር ትሎች ይገድላል። በሌላው ወገን ሳይታረስ የሚዘራ መደበኛ ገበሬ አለ፤ መሬቱ ይረጋል፣ ላዩ ይሸፈናል፣ አረሙ ግን በመርጨት ነው የሚጠፋው። ማን ይበልጣል?

አፈሩ እንዳይሸረሸር በመጠበቅ በኩል አለማረስ ያሸንፋል፤ ይህን ክዶ መከራከር አይቻልም። በካርቦን በኩል ግን አለማረስ የተጋነነ ዝና አለው። ያልታረሰ ማሳ ካርቦኑ በላይኛው 5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ይከማቻል፤ ጥልቅ ናሙና ሲወሰድ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ይጠፋል።

የኔ አቋም ኦርጋኒክ ገበሬ ማረስን ጨርሶ ለማቆም ራሱን ማስጨነቅ የለበትም የሚል ነው። ቋሚ አረም በዋጠው ማሳ ላይ ምርት የለም፤ ምርት ከሌለ ሥርም ገለባም የለም። የሚያዋጣው ጊዜውንና ጥልቀቱን መቀነስ ነው፦ መገልበጫ ማረሻን ትቶ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብቻ መነካካት፣ መሬቱ ጭቃ ሳለ አለመግባት፣ የሽፋን ሰብሉን ሲያብብ በከባድ ጥቅል ብረት ደፍጥጦ አስተኝቶ በላዩ ላይ መዝራት። የመጨረሻው ዘዴ ሽፋኑ ጥቅጥቅ ብሎ ካላደገ አረምን አይገታም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ፈረቃው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሚቆይ የሣርና የጥራጥሬ መኖ ማስገባት ነው። በእነዚያ ዓመታት መሬቱ አይታረስም፣ ሥር ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፣ ናይትሮጅን ይጠራቀማል፣ ተደጋግሞ ሲታጨድ ብዙ የአረም ዓይነት ይሞታል። በቀሪዎቹ ዓመታት ማረስ የሚያስከትለውን ጉዳት በደንብ የሚክስ ሌላ ዘዴ አላየሁም። ከብት የሌለው ሰው ድርቆሹን በፍግ ለሚለውጠው ጎረቤት መስጠት ይችላል።

አጭር አጭሮቹ

የተፈጨ የፎስፌት ድንጋይ ፒኤቹ ከ6 በታች በሆነ አሲዳማ አፈር ላይ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ባለው ላይ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ባዮቻር፣ ማለትም በአየር እጥረት የተቃጠለ ከሰል፣ ካርቦኑ ለመቶ ዓመታት ይቆያል፤ አሸዋማና አሲዳማ አፈርን ይረዳል፤ ግን በንጥረ ነገር ሳይሞላ ለብቻው ከተጨመረ መጀመሪያ ናይትሮጅን ይሻማል፣ ስለዚህ ከኮምፖስት ጋር ይግባ። በጠርሙስ የሚሸጡ ጠቃሚ ተሕዋስያን ላይ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ለነባሮቹ ምግብ መስጠት ይቅደም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚዘራ ጥራጥሬ የሚሰጥ ራይዞቢየም ግን ከዚህ ይለያል፣ እሱ ያዋጣል። መዳብ ያለባቸው ፀረ-ፈንገሶች በኦርጋኒክ ወይንና ድንች ላይ ተፈቅደዋል፤ መዳብ ግን አይበሰብስም፣ አፈር ውስጥ ይከማቻል፣ የምድር ትልን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ የገደበው ያለ ምክንያት አይደለም።

የትኛውን ልምረጥ?

አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቆይና ኖራ ይቅደም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በኦርጋኒክ ሕግ የተፈቀደ ነው፤ በአሲዳማ አፈር ላይ ራይዞቢየምም የምድር ትልም በደንብ አይሠሩም፣ ስለዚህ ያለ ኖራ የተዘራ ክሎቨር ልፋት ብቻ ነው።

ከብት ያለው ገበሬ ኮምፖስት ይሥራ፤ ነገር ግን ፍጉ የሚደርስባቸውን ማሳዎች ይቁጠር። ለበረቱ የቀረቡት ሁልጊዜ ይጠግባሉ፣ የራቁት ይራባሉ። ለሩቆቹ ማሳዎች አረንጓዴ ማዳበሪያ ይሻላል፤ ዘሩ በከረጢት ይሄዳል፣ ፍግ ግን በጋሪ ነው።

ትንሽ የአትክልት ቦታ ያለው ሰው ኮምፖስትና ጉዝጓዝ ይበቃዋል፤ የፎስፈረስ ምርመራ ሳያደርግ ግን በየዓመቱ እንዳይቆልል። ምርመራው ከፍተኛ ካለው ኮምፖስቱን ለጥቂት ዓመታት አቁሞ ከጥራጥሬ ጋር ይቆይ።

ከብት የሌለው የእህል ገበሬ ፈረቃውን ያራዝም፣ መኖ ያስገባ፣ በየጥቂት ዓመቱ ፖታሲየምና ፎስፈረሱን ያስመርምር። ምርት በጫነ ቁጥር ከማሳው የሚወጣው ማዕድን በሆነ መንገድ መመለስ አለበት።

ሞቃትና አሸዋማ ማሳ ላይ አንድ ጊዜ ብዙ ከመጨመር በየዓመቱ ትንሽ መጨመር ይሻላል።

ከመደበኛ ወደ ኦርጋኒክ የሚሸጋገር ሰው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በጥንቃቄ ያስላ። ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ በ2012 የወጣ ንጽጽር የኦርጋኒክ ምርት እንደ ሰብሉና እንደ አሠራሩ ከ5 እስከ 34 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል፤ ክፍተቱ ጠባብ የሆነው በዝናብ በሚለሙ ጥራጥሬዎችና በቋሚ ተክሎች ላይ ነው። ሽግግሩን በናይትሮጅን ወዳዱ በቆሎ ከመጀመር በክሎቨር ወይም በአልፋልፋ መጀመር ይሻላል። የምስክር ወረቀቱን የመጠበቂያ ዓመታት መሬቱ ራሱን እያደሰ ያሳልፋቸዋል።

መሻሻሉን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ቀላሉ ፈተና ውሃ ነው። ከማሳውና ለረጅም ጊዜ ካልታረሰ ዳር መሬት የለውዝ ፍሬ የሚያካክሉ ጓሎች ወስዶ በደንብ ማድረቅ፤ ከዚያ በወንፊት ላይ አድርጎ በጥሩ ውሃ በተሞሉ ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ ቀስ አድርጎ ማጥለቅ። ደካማው ጓል አረፋ እያወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል፣ ውሃው ይደፈርሳል። በሥርና በፈንገስ ክር የታሰረው ውሃውን ጠጥቶ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ጓሉ መጽናት የሚጀምረው የላቦራቶሪው የካርቦን ቁጥር ከመንቀሳቀሱ ዓመታት በፊት ስለሆነ ይህን በየዓመቱ ማድረግ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል።

ለላቦራቶሪው ደግሞ ናሙናው በየጊዜው ከአንድ ጥልቀት፣ በአንድ ወቅት፣ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከመበተኑ በፊት ይወሰድ፤ ከማሳው የተለያዩ ቦታዎች ከ15 እስከ 20 ቆፍሮ መቀላቀል ያስፈልጋል። አንድ ጥግ ላይ ምንም የማይጨመርበት ጠባብ መደብ መተው ደግሞ ዝናብ ያመጣውን ለውጥና ኮምፖስቱ ያመጣውን ለይቶ ለማየት ያስችላል። ሁለተኛው ናሙና ከመጀመሪያው በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላ ቢወሰድ ልዩነቱ ከመለኪያው ስህተት አይበልጥም፤ ገንዘቡን ለክሎቨር ዘር ማዋል ይሻላል።